ጥርስ የሚነቅል አለ፣ የሚያጥብስ? የአፍ ንጽህና ባለሙያዎች ጉዳይ ከጎንደር ሲታይ

ስለ ጤና ባለሙያዎች ሲወራ ሁለት ነገሮች ተደጋግመው ይነሳሉ። አንደኛው የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጉዳይ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሥራ እስከ ማቆም ያደረሰው ጥያቄ ዛሬም መነጋገሪያ ነው። ሁለተኛው ተምረው ሥራ ያጡ የጤና ምሩቃን ነገር ነው። ጤና ጣቢያው ሰው አጣሁ ይላል፤ ምሩቁ ሥራ አጣሁ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ወደ ጥርስ ሕክምና ሲመጣ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ለብዙ ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ አፍ ውስጥ የሚያይ ሁሉ «የጥርስ ዶክተር» ነው። ማን ምን ተምሮ ምን እንደሚሠራ አይለይም። ጥርስ ማሳጠብ የተነሳ እንደሆነማ «ተወው፣ ጥርስ ያሳሳል፣ ያነቃንቃል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። እነዚህ ወሬዎች ሁሉ አንድ ሙያ ላይ ይገናኛሉ። ሙያው ኦራል ሃይጂኒስት ይባላል። ይህ ጽሑፍ ባለሙያው ማን እንደሆነ፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት ለምን በቂ ቦታ እንዳላገኘ፣ ቦታ ቢያገኝስ ምን እንደሚጠብቀው ጎንደር ላይ ቆሞ ያያል።

ባለሙያው ማን ነው?

ኦራል ሃይጂኒስት፣ ደንታል ሃይጂኒስትም ይባላል፣ ዋና ሥራው ጥርስና ድድ ሳይታመሙ መጠበቅ ነው። ጥርስ ያጥባል። ድድ ከጥርስ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል። ፍሎራይድ ይቀባል። አዲስ የበቀለ የልጅ መንጋጋ ላይ ያለውን ስንጥቅ፣ ምግብ ተቀብሮ ሳያበላሸው፣ በመከላከያ ይደፍናል። አጠራጣሪ ቁስል ወይም እብጠት ካየ ወደ ሐኪም ይልካል። ሰው እቤቱ ጥርሱን እንዴት እንደሚያጸዳ ያሳያል። ጥርስ መንቀልና ቀዶ ሕክምና የእሱ ሥራ አይደሉም።

ከሌሎቹ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ምርመራውን፣ ሥር ሕክምናውን፣ ቀዶ ሕክምናውን ሁሉ ይይዛል። ደንታል ቴራፒስቱ ቀለል ያሉ ጥርሶችን ይነቅላል፣ ይሞላል። የጥርስ ቴክኒሻኑ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። በእኛ አገር የመንግሥት ተቋማት «ሃይጂኒስት» የሚል መጠሪያ ይዞ የሚሠራ ሰው ብርቅ ነው። እጥበቱን የሚሠሩት፣ ጊዜ ሲያገኙ፣ ቴራፒስቶቹና ሐኪሞቹ ናቸው። «ጊዜ ሲያገኙ» የምትለዋን እንያዛት፤ ብዙው ነገር እሷ ላይ ይንጠለጠላል።

ሙያው የተወለደው አሜሪካ ውስጥ፣ ኮኔቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት በምትባል ከተማ ነው። አልፍሬድ ፎንስ የሚባል የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 አይሪን ኒውማን የምትባል ረዳቱን ጥርስ ማጠብ አስተማራት። በ1913 ደግሞ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ብዙዎቹ የተሰማሩት በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ነበር፣ የሕፃናት ጥርስ እንዲያጥቡና እንዲያስተምሩ። ዛሬ አብዛኞቹ የአሜሪካ ሃይጂኒስቶች የሚሠሩት በግል ክሊኒክ ነው። ሙያው በትምህርት ቤት ልጆች መካከል ሰፍቶ ኋላ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። በሥልጠናው ድክመት አይደለም። የቀጠራቸው የግል ክሊኒኩ ስለሆነ ነው። ይህን ታሪክ የማነሳው ለእኛም ስለሚሠራ ነው።

እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል?

ይህን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም። ሕዝቡ ባለሙያውን የሚያምነው ወይም የሚሸሸው በዚህ ነው።

ምግብ በበላን ቁጥር ጥርስ ላይ ስስና የሚያጣብቅ ሽፋን ይቀራል። ፕላክ ይሉታል፤ አብዛኛው ባክቴሪያ ነው። በደንብ ከተፋቀ ይለቃል። ካልተፋቀ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት እየገባበት በቀናት ውስጥ መጠንከር ይጀምራል። ሲጠነክር ታርታር ይሆናል። ታርታር በብሩሽም በመፋቂያም አይለቅም። በተለይ የታችኛው የፊት ጥርስ በውስጥ በኩል፣ ምላስ በሚነካው ቦታ፣ ክምር ብሎ ይታያል። የምራቅ ዕጢ ቀዳዳው እዚያው አጠገብ ስለሆነ ነው።

ድድ ከታርታሩ ጋር መኖር አይችልም። ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሲፋቅ ይደማል። ሰውየው «ደማ» ብሎ መፋቁን ይተዋል። ሲተው ደግሞ ይብስበታል። ቁጣው ዓመታት ሲቆይ ጥርሱን የያዘው አጥንት ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ሕመም የለውም ማለት ይቻላል፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ሰው ወደ ክሊኒክ የሚሄደው ጥርሱ ሲወዛወዝ ነው።

በዚህ ጊዜ ባለሙያው ታርታሩን ያነሳል። አጥንቱ ካለቀ ቆይቷል። ጥርሶቹን እርስ በርስ አጣብቆ አቁሟቸው የነበረው ድንጋዩ ነበር። እሱ ሲነሳ መወዛወዙ ይገለጣል፣ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ይታያል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠዘጥዛል። ታካሚው ሲገባ የቆመ የመሰለው ጥርስ ሲወጣ ይነቃነቃል። ታዲያ ማንን ይውቀስ? ያጠበውን። የእሱን ተሞክሮ የሰማ ጎረቤትም ሳይታጠብ ይቀራል፤ ዘግይቶ ይመጣል፤ እሱም ያንኑ ይደግማል። ወሬው ራሱን በራሱ የሚያረጋግጠው በዚህ መንገድ ነው። ቀድሞ የመጣ ሰው ግን ድድ መድማቱ በሳምንታት ውስጥ ይቆምለታል፣ ጥርሱም አይነቃነቅም። ወሬውን የሚሰብረው የፖስተር ብዛት ሳይሆን ቀድሞ የሚመጣ ሰው መብዛት ነው። ቀድሞ እንዲመጣ ደግሞ ቀድሞ የሚያገኘው ባለሙያ ሊኖር ይገባል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ጎንደርንና አካባቢውን በተለይ የሚመለከት ነው። የተቆጣ ድድ በሥልጠና ላይ የሚለየው በቀለሙ ነው፤ ጤናማው ሮዝ፣ የታመመው ቀይ። ድዷን የተነቀሰች እናት ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ግን ይህ መመሪያ አይሠራም። ንቅሳቱ ጠቁሮ ቅላቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቀለሙን ትቶ ሌላ ምልክት መፈለግ ግድ ነው። ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ቀጭን መለኪያ የድዱን ጠርዝ ቀስ ብሎ መንካት፣ ይደማ እንደሆነ ማየት፣ በድዱና በጥርሱ መካከል ያለው ኪስ ስንት ሚሊሜትር እንደገባ መለካት ያስፈልጋል። ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው «ጤናማ» ብሎ ሊያልፋት ይችላል። ሥልጠናውን እዚሁ፣ በዚህ ሕዝብ አፍ ላይ መስጠት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

መፋቂያውም ቢሆን እንዲሁ ነው። የወይራና የልምጭ መፋቂያን «ኋላ ቀር» ብሎ የሚያጣጥል ባለሙያ ሰሚ አያገኝም፤ ልክም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ መፋቂያ በለመዱ አካባቢዎች መጠቀሙን አበረታቷል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ሰው የፊቱን ይፍቅና የውስጡንና የመንጋጋውን ይተዋል። በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና የሚገኘውን ጥበቃም በመፋቂያ ብቻ አያገኝም። ይህን ቁጭ ብሎ፣ መስታወት አስይዞ ማሳየት ደቂቃዎች ይፈልጋል። ወረፋ የሚጠብቃቸው ሰዎች በር ላይ ተሰልፈው ሳለ ይህን የሚያደርግ ሐኪም አይገኝም።

ለምን ቦታ አጣ?

እንግዲህ የሙያው ችግር ትምህርት ቤት ማጣት ብቻ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ትልቁ ችግር የሥራ መደብ ነው። የሥራ መደብ ማለት በመንግሥት መዋቅር ውስጥ ስም፣ ደረጃ፣ ደመወዝና በጀት የተቆረጠለት ቦታ ነው። መደብ ከሌለ ወረዳው ቢፈልግም መቅጠር አይችልም። ኮሌጁ ቢያስተምርም ተመራቂው የሚሄድበት የለውም።

መዋቅሩን ከታች ወደ ላይ እንየው። ገጠር ላይ ጤና ኬላ አለ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ይመጣል፤ በገጠር ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ሰው፣ በከተማ ወደ 40 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። ከዚያ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በመጨረሻ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው የሚታሰብለት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለው በዚህ ጫፍ ላይ ነው። የጥርስ ክፍል ያላቸው በአብዛኛው ከሆስፒታል ወደ ላይ ያሉት ናቸው። መከላከል የሚጠቅመው ደግሞ ከታች ነው። ባለሙያውና ሥራው ተላልፈዋል ማለት ነው።

የበለሳ ወይም የጭልጋ ገበሬ ጥርሱን ሲያመው በመጀመሪያ ይታገሣል። ከዚያ ማስታገሻ ይገዛል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ሌላ ማስታገሻና ፀረ ባክቴሪያ ይዞ ይመለሳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ቢሆንም መታወቂያው የሚያገለግለው አገልግሎቱ ባለበት ነው። አገልግሎቱ ሩቅ ከሆነ ሪፈር መጻፍ፣ ትራንስፖርት መክፈል፣ ጎንደር ማደር ይመጣል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል። ሰውየው ከተማ ሲደርስ ጥርሱ ከመሙላት አልፏል። የሚቀረው መንቀል ነው። ይባስ ብሎ የጥርስ ኢንፌክሽን ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ አየር መተላለፊያን ዘግቶ ሊገድል ይችላል። «በጥርስ ሰው ይሞታል እንዴ?» የሚል አለ። ይሞታል።

አሁን ወደ ክሊኒኩ እንግባ። ቀላል ጥርስ መንቀል ማደንዘዣውን ጨምሮ ከሩብ ሰዓት ላይበልጥ ይችላል። ታርታር የተከመረበትን አፍ በወጉ ማጠብ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ አንዳንዴም ሁለት ቀጠሮ ይጠይቃል። ሪፖርት የሚቆጥረው የታየውን ሰው ነው። ኮሪደሩ ላይ ፊቱን በነጠላ ጠቅልሎ የሚያቃስተው ሰውም ቅድሚያ ይገባዋል። ስለዚህ እጥበት ነገ፣ ከነገ ወዲያ እየተባለ ይገፋል። ማንም ክፉ አይደለም። አሠራሩ ራሱ ነቃይ ያደርጋል።

በዚህ ላይ የሰው ቁጥር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን ሰው የአፍ ጤና ችግር አለበት። በድርጅቱ የአፍሪካ ቀጣና ግን ለ100 ሺህ ሰው ያሉት የጥርስ ሐኪሞች 3.3 ያህል ናቸው፤ የዓለም አማካይ አንድ አሥረኛ ገደማ። በእነዚህ ጥቂት ሐኪሞች እጥበትም፣ ትምህርትም፣ ነቀላም፣ ቀዶ ሕክምናም ይሠራ ማለት የማይሆን ነገር ነው።

ጎንደር ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ መልሳዋለች

ጉዳዩን ከጎንደር ማየት የፈለግሁት ከተማው ስለሚያምር ብቻ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ሺዎችን ጨረሰ። አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ ቢባል የሚጠብቅ ሰው አይተርፍም ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ያሠለጠነው ሦስት ዓይነት ሰው ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን። ሳኒታሪያኑ የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ ነው፤ ውኃውን፣ መጸዳጃውን፣ ገበያውን የሚያይ። ሦስቱ አብረው ተማሩ፣ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ወጡ። «የጎንደር ቡድን» የሚባለው ይህ ነው።

ከታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ሥልጠናው ነው። ለእኔ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ሦስቱ ሲመረቁ የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ አብሮ ታስቦ ነበር። ማን ከማን ሥር እንደሚሠራ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ተለይቷል። ሙያውና ቦታው አንድ ላይ ተወለዱ። የጤና መኮንን ሥልጠና በደርግ ዘመን ተቋርጦ በኋላ የተመለሰውም ገጠር ላይ ያ ቦታ ክፍት ስለቀረ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሲሠለጥኑም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። እናቶች በወሊድ የሚሞቱበት ሆስፒታል ነበር፤ ቀዶ ሐኪም አልነበረም፤ ቦታው ተለየና ሰው ተዘጋጀለት።

በአፍ ጤና በኩል እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞች ይማራሉ፤ ሆስፒታሉም የጥርስ ክፍል አለው። ከዚያ በታች ያለው ግን ሳሳ ያለ ነው።

ቢቀጠርስ? የሥራው ውሎ

ሃይጂኒስት ሆኖ በመንግሥት ተቋም መዋል ምን እንደሚመስል ለመገመት እጥበቱን አሁን የሚሠሩትን ማየት ይበቃል።

መጀመሪያ ውኃ። የኤሌክትሪኩ ማጠቢያ፣ ስኬለር የሚሉት፣ ጫፉ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ይሞቃል። የሚያቀዘቅዘው የሚረጨው ውኃ ነው። ውኃ ከሌለ ጥርሱን ይጎዳል፤ ስለዚህ አይሠራም። የጎንደርን የውኃ ነገር ለጎንደሬ መንገር አያስፈልግም። የአንገረብ ግድብ በደለል ከተጎዳ ቆይቷል፤ የመገጭ ግድብ ለዓመታት ሲጠበቅ ቆይቷል፤ ሰፈር ውስጥ ውኃ በፈረቃ ነው። ሆስፒታል የራሱ ታንከር ይኖረዋል፤ ጤና ጣቢያ ግን እንደ ሰፈሩ ነው። መብራት ሲሄድ ኮምፕሬሰሩም ወንበሩም ይቆማሉ።

ያኔ የሚቀረው ጫፉ የታጠፈ ስል ብረት ነው። በእጅ ይሠራል። ጥሩ ሠራተኛ በእጅ ብረት ጥሩ እጥበት ይሠራል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል፣ ጉልበት ይፈልጋል። ብረቱ በየጊዜው መሳል አለበት። ሲደንዝ ባለሙያው ይበልጥ ይጫናል፣ አንጓው ይታመማል። አንገት ደፍቶ፣ ክንድ አንስቶ፣ ወገብ ጠምዝዞ መዋሉ በጥርስ ሙያ ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚያማርሩበት ነው። የአንገትና የወገብ ሕመም ገና በወጣትነት ይጀምራል። ከፍ ዝቅ የሚል ወንበር ይህን ያቀልላል፤ የተበላሸ ወንበር ደግሞ ባዮሜዲካል ባለሙያና መለዋወጫ እስኪገኝ ይቆማል። መለዋወጫውም፣ ማደንዘዣውም፣ መሙያውም በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዋጋቸው ምን ላይ እንደደረሰ ገዥ ያውቀዋል።

ከዚያ ኢንፌክሽን ይመጣል። ስኬለሩ ውኃውን ከምራቅና ከደም ጋር ቀላቅሎ ይረጨዋል። ጭጋጉ በባለሙያው ፊት፣ ጋውንና ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊቆይ ይችላል። መከላከያው የታወቀ ነው፤ ሦስት ዙር ክትባት፣ የዓይን መሸፈኛ፣ በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ተህዋስ በሚገድል ማሽን፣ በትክክል የተቀቀለ ዕቃ። አውቶክሌቩ መብራት ይፈልጋል። አንድ የእጥበት ዕቃ ስብስብ ብቻ ያለው ክፍል በሁለት ታካሚ መካከል ዕቃው እስኪቀቀል መጠበቅ አለበት። ዕቃ ያነሰበት ክፍል ባለሙያ ቢጨመርለት እንኳ ብዙ ሰው አያጥብም። የሰው ኃይል ዕቅድ ሲወጣ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ስለ ገቢው ማውራትም ግድ ነው። የመንግሥት ደመወዝ ለብቻው ቤተሰብ አያስተዳድርም። የጥርስ ባለሙያ ደግሞ ከብዙ የጤና ሙያተኛ በተለየ ሌላ አማራጭ አለው። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያሉ የግል ክሊኒኮች ለሰለጠነ እጅ ይከፍላሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ይበልጥ ይከፍላል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ያለው «ሆሊውድ ስማይል»፣ ጥርስ ማንጣት፣ ብሬስ ሁሉ ገበያ ነው። ጠዋት የመንግሥት፣ ከሰዓት ፓርት ታይም የሚሠራውን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። ሂሳቡን አብሮ ላየ ግን ወቀሳው አፍ ላይ ይቀራል።

የሚከራከሩት ምን ይላሉ?

አንዳንድ የጥርስ ሐኪሞች አዲስ ሙያ መጨመሩን በጥርጣሬ ያያሉ። ሥጋታቸው ከመሬት አልተነሳም። የቁጥጥር አቅም በላላበት አገር ማጠብ የተፈቀደለት ሰው ነገ ጓዳ ውስጥ ጥርስ ሲነቅል ይገኛል ይላሉ። «ያለውን ሐኪም አብዙ» ነው መልሳቸው። አንዳንድ የኒው ዚላንድ የጥርስ ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ1921 የትምህርት ቤት የጥርስ ነርሶች ሥልጠና ሲጀመር ተቃውመው ነበር። አገልግሎቱ ግን ለአሥርት ዓመታት የሕፃናቱን ጥርስ ተንከባከበ። ሥጋቱን ማቃለል የሚቻለው የሥራ ወሰኑን በጽሑፍ ለይቶ፣ ፈቃዱን በየጊዜው አድሶ፣ ሐኪሙን ተቆጣጣሪ በማድረግ ነው። ሐኪም ማብዛቱም ተፎካካሪ ሐሳብ አይደለም። ብዙ ዓመት የተማረ ሐኪም ቀኑን ታርታር ሲያነሳ ቢውል ግን ለአገርም ለሐኪሙም ኪሳራ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሰጥ» ይላሉ። ርካሽ መፍትሔ ነው፤ ምናልባት እጅግ ርካሽ። የኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ ከዚያ ተጨመረበት እንጂ አልተቀነሰም። ስለ መፋቅና ስለ ስኳር ቤት ለቤት መናገር ይችላሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታርታር ማንሳት ግን የእጅ ሙያ ነው። በሦስት ቀን አጭር ሥልጠና አይመጣም።

ሦስተኛው ክርክር ከበጀት በኩል ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ጠንካራው ይኸ ነው። ነርሱና አዋላጁ ተመርቀው እቤት ቁጭ ባሉበት ሰዓት አዲስ ዓይነት ተመራቂ ማምረት ሥራ አጥ መጨመር አይሆንም ወይ? ይሆናል፣ መደቡ ካልቀደመ። በደቡብ አፍሪካ ኦራል ሃይጂኒስትና ደንታል ቴራፒስት ለየብቻ የሚመዘገቡ ሙያዎች ናቸው። እዚያም ቢሆን በመንግሥት ተቋማት በቂ የሥራ መደብ አለመኖሩ የቆየ ቅሬታ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች መካከለኛ መንገድ ያመጣሉ። አዲስ ዲግሪ ከመክፈት ይልቅ ሥራ ላይ ላሉት ቴራፒስቶችና ሥራ ላጡት ነርሶች በመከላከል ላይ ተጨማሪ ሥልጠና ሰጥቶ ጤና ጣቢያ ላይ መመደብ። ይህ ለእኔ ይበልጥ የሚያስኬድ ይመስለኛል። ስሙ ሃይጂኒስት ይሁን ሌላ፣ ለመዝገቡ እንጂ ለታካሚው ለውጥ የለውም።

ቢሳካ ምን ይቀየራል?

ጤና ጣቢያ ላይ የተቀመጠ አንድ የአፍ ጤና ባለሙያ ቀኑን በሦስት ቦታ ሊያውለው ይችላል።

አንዱ የእርግዝና ክትትል ክፍል ነው። በእርግዝና ጊዜ በሆርሞን ለውጥ ድድ በቀላሉ ይቆጣል። «ልጅ ሲወለድ ጥርስ ይዞ ይሄዳል» የሚባለው ወሬ የመጣውም ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። እናትየው ለክትትል መምጣቷ ካልቀረ አፏም በዚያው ይታያል። ሌላው የስኳር ሕመምተኞች ክትትል ነው። የድድ በሽታ ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፤ ያልተቆጣጠሩት ስኳር ደግሞ ድድን ያበላሻል። ሁለቱን ለየብቻ ማከም ድካም ነው።

ሦስተኛውና ጎንደር አካባቢ ዋጋው የሚበልጠው የክትባት ቀን ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ያልበቀለ የወተት ጥርሱ በስል ነገር የሚወጣበት ልማድ አሁንም አለ። ደም ይፈሳል፣ ኢንፌክሽን ይገባል፣ ሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። ተቅማጡ ግን አይቆምም፤ ምክንያቱ ጥርስ አልነበረምና። በሕግ የተከለከለ መሆኑን መንገር ብቻውን ድርጊቱን ወደ ጓሮ ይገፋዋል። ድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠውን ቦታ ለእናትየው እያሳየ «ይኸ ሊበቅል ያለ ጥርስ ነው፤ ለተቅማጡ ይኸን እናድርግ» የሚል ሰው ግን ሊሰማ ይችላል፣ በተለይ አያቲቱም አብረው ካሉ።

ለዚህ ሁሉ ውድ ወንበር ላያስፈልግ ይችላል። በእጅ ብረት ብቻ የተበላሸውን የጥርስ ክፍል አንስቶ በግላስ አዮኖመር ሲሚንቶ የመሙላት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው መብራት ለሌለበት ቦታ ታስቦ ነው። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለው ፈሳሽ ደግሞ የጥርስ መቦርቦርን ባለበት ያቆማል። የተበላሸውን ቦታ ያጠቁራል፤ ይህን ለወላጅ አስቀድሞ መንገር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለቱንም ከፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ጋር ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። በኮምፕሬሰር ጩኸት የሚደነግጥ ሕፃንም በዚህ ዘዴ ይረጋጋል።

ውጤቱ ቶሎ እንዲታይ የሚጠብቅ ግን ያዝናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ተደብቆ የኖረው በሽታ ይገለጣል፤ ሪፈር ይበዛል፤ ወረፋው ይረዝማል። ይህን ቀድሞ ያልተረዳ አስተዳዳሪ «ባለሙያው መጥቶ ምን ለወጠ?» ብሎ መደቡን ሊያጥፈው ይችላል። ስለዚህ የሪፖርቱ ቅጽ የነቀለውን ብቻ ሳይሆን ያጠበውን፣ የደፈነውን፣ ያስተማረውንም የሚቆጥር ረድፍ ሊኖረው ይገባል።

ባለሙያው መጀመሪያ የሚመደብበት ቦታም ነገሩን ይወስነዋል። ሆስፒታሉ ላይ ብቻ ከተመደበ ወረፋው ይውጠዋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥርስ ነቃይን የሚረዳ ሰው ይሆናል። አዘዞ፣ ቆላድባ ወይም ዳባት ካለ ጤና ጣቢያ ከጀመረ የራሱ ሥራ ይኖረዋል። ለዚያ ደግሞ ወረዳው መደቡን በበጀት ማስያዝ አለበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ያልቀረበ የመደብ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።